የዓርብ ጠመንጃ የት ያድራል?

ስለ መሣሪያ የመታጠቅ መብት ክርክር በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ሳያመጣት የማይቀር ምሳሌ አለች። «እስቲ ብቻህን ደሴት ላይ ወደቅህ እንበል። መንግሥት የለም፣ ፖሊስ የለም፣ ፍርድ ቤት የለም። ጠመንጃ ብትይዝ ማን ይከለክልሃል? ስለዚህ መብቱ መንግሥት ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ነው።» ነገሯ ጥሩ ትመስላለች። እኔም ብዙ ጊዜ ምን ብዬ እንደምመልስ ግራ ይገባኝ ነበር።

በቃ፣ ደሴት ካላችሁ ደሴት እንሂድ። የልጆች ተረት ውስጥ ደሴት ሞልቷል። ሰሞኑን እየመረጥኩ እንደገና ሳነባቸው ሰነበትኩ፣ እና ለካ ስለ መሣሪያ ከሕግ መጻሕፍቱ በላይ ሐቀኛ የሆኑት እነሱ ናቸው።

ቀድሞ የሚመጣው ሮቢንሰን ክሩሶ ነው። በ1719 ሲታተም ለልጆች ተብሎ አልተጻፈም፣ ልጆቹ ናቸው ነጥቀው የራሳቸው ያደረጉት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።) መርከቡ ተሰብሮ ብቻውን የተረፈው ሰውዬ ከስባሪው ላይ ምግብ፣ የአናጢ ዕቃ፣ ጠመንጃና ሽጉጥ፣ ሦስት በርሜል ባሩድ ያወርዳል። አንዱ በርሜል ውሃ ገብቶበታል፣ ሁለቱ ደረቅ ናቸው። ከዚያ አንድ ትልቅ ወፍ ላይ ሲተኩስ ከጫካው ሁሉ ስፍር ቁጥር የሌለው ወፍ እየጮኸ ይነሳል። ዓለም ከተፈጠረ ወዲህ እዚያ የተተኮሰ የመጀመሪያው ጥይት ይሆናል ይላል ራሱ።

ጥቂት ቆይቶ ዝናብ ይመጣል፣ መብረቅ ይበርቃል። ሰውዬው ከመብረቁ በላይ ያስደነገጠው ሐሳብ ምን መሰላችሁ? «ወይ ባሩዴ!» አንዲት ብልጭታ ብታገኘው ሁሉም ነገር ባንዴ አለቀ። ሌላ ሥራውን ጥሎ ሁለት ሳምንት ያህል ባሩዱን ከመቶ በማያንስ ጥቅል ሲከፋፍልና በየድንጋዩ ስንጥቅ ሲደብቅ ይከርማል። ብዙ ስለ መሣሪያ የተጻፈ አንብቤያለሁ፣ እንደዚህች ገጽ ፍርሃቱን ያሳየኝ ግን የለም። መሣሪያ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠብቀው መሣሪያውን ነው።

ልብ በሉ፣ እዚህ ድረስ መብት የሚባል ነገር የለም። ከማን ይጠይቀው? ከፍየሎቹ? ብቻውን ያለ ሰው ጠመንጃ አለው ወይም የለውም፣ አለቀ። ምሳሌዋ የምትሰነጠቀው እዚህ ጋ ነው። መብት እንዲኖር ሁለተኛ ሰው መምጣት አለበት።

ሁለተኛው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣው በዱካው ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ክሩሶ አሸዋው ላይ የአንድ ባዶ እግር ዱካ ያያል። ቀጥሎ ያደረገው ነገር ሰባት ጠመንጃዎችን አጥሩ ውስጥ እንደ መድፍ መትከል ነው። ሰባቱንም በሁለት ደቂቃ ውስጥ መተኮስ እንዲችል አድርጎ! አንድ ሰው፣ ሰባት ጠመንጃ፣ ለአንድ ዱካ።

ከዚያ ዓርብ ይመጣል፣ ሊበሉት ወደ ደሴቷ ካመጡት ጠላቶቹ ክሩሶ ያስጣለው ወጣት ነው። ስሙ የወጣለት ክሩሶ ያዳነው ዕለት ዓርብ ስለነበረ ነው። የራሱ ስም ማን ነበር ብሎ የጠየቀ የለም። ክሩሶ ቀጥሎ ያስተማረው «ጌታዬ» ማለትን ነው፣ የእኔ ስም ይህ ነው ብሎ። አንድ ቀን ክሩሶ ዓርብ እያየ ግልገል ፍየል በጥይት ይጥላል። ዓርብ ጥይት ሲገባ አላየም። የሚያውቀው ብረቱ እንደጮኸና ከሩቅ የነበረ እንስሳ እንደሞተ ብቻ ነው። ለቀናት ጠመንጃውን በጣቱ እንኳ አልነካም። ብቻውን ሲሆን ግን እየሄደ ያነጋግረው ነበር። ምን እንደሚለው በኋላ ሲጠየቅ፣ እንዳይገድለው እየለመነው እንደነበር ተናገረ።

ክሩሶ ደሴት ላይ ተረት የሚያደርጋት አውሬ፣ ጂኒ፣ የሚናገር ዛፍ የለም። አስማቱ ጠመንጃው ነው። አስማት የሆነውም አንዱ ምስጢሩን ስለሚያውቅና ሌላው ስለማያውቅ ነው። ክሩሶ የባሩዱንና የጥይቱን ምስጢር የገለጠለት ቆይቶ ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንምጣ። ለዓርብ በሁለቱ አጥሮች መካከል ትንሽ ድንኳን ይሠራለታል። ወደ ክሩሶ የሚያስገባው በር ከውስጥ ይቀረቀራል፣ መሰላሎቹ ሲመሽ ወደ ውስጥ ይሳባሉ፣ መሣሪያዎቹም ሁሉ በየሌሊቱ ወደ ክሩሶ በኩል ይገባሉ። የሚገርመው ደግሞ ሰውዬው ራሱ፣ ዓርብ ታማኝ ስለነበር ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አያስፈልግም ነበር ብሎ መናገሩ ነው። አያስፈልግም ነበር፣ ግን አደረገው።

ጸሐፊው ዳንኤል ዴፎ ይህን ከሜዳ አላመጣውም። በ1685 በንጉሥ ጄምስ 2ኛ ላይ በተነሳው የሞንማውዝ ዐመፅ ተሰልፏል። ዐመፁ ከሸፈ፣ እሱ ነፍሱ ተረፈች። ጄምስ ካቶሊክ ነበር። ከዙፋኑ ሲባረር የእንግሊዝ ፓርላማ በ1689 የመብቶች ሕግ አወጣ። ከክሶቹ አንዱ፣ ካቶሊኮች ታጥቀው ሳለ ፕሮቴስታንቶች ትጥቅ እንዲፈቱ ተደረገ የሚል ነው። መፍትሔው ምን ሆነ? ፕሮቴስታንት የሆኑ ተገዢዎች፣ እንደ ደረጃቸው፣ ሕግ በፈቀደው መጠን፣ ለመከላከያ መሣሪያ ሊኖራቸው ይችላል።

ያቺን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቧት። አንዲት መብት፣ ሦስት አጥር። ሃይማኖትህ ልክ ካልሆነ የለህም። ድሃ ከሆንክ ደረጃህ አይፈቅድም፤ ቀድሞውኑ በ1671 የወጣ የአደን ሕግ ጠመንጃ መያዝን በዓመት ቢያንስ 100 ፓውንድ የመሬት ገቢ ላለው ሰው ነበር የፈቀደው። ሁለቱን ካለፍክ ደግሞ «ሕግ በፈቀደው መጠን» ትመጣለች፣ እሷ እንደ ላስቲክ የትም ትለጠጣለች።

ከዚያም በፊት ነገሩ መብት እንኳ አልነበረም፣ ግዴታ ነበር። በ1181 የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ነፃ የሆነ ሰው ሁሉ እንደ ሀብቱ ጦርና የራስ ቁር እንዲኖረው አዘዘ። በዚያው አዋጅ አይሁዶች የብረት ጥሩር እንዳይዙ ተከለከሉ። ያው ነው፣ ትጥቁና «ከእነ እገሌ በቀር» የምትለዋ አብረው ነው የሚወለዱት።

ክሩሶ በኋላ ራሱን በቀልድ ንጉሥ አድርጎ ሦስት ተገዢዎቹን ይቆጥራል። ዓርብ ፕሮቴስታንት ነው፣ በኋላ ከተመሳሳይ ጠላቶች የዳኑት አባቱና አንድ ስፔናዊ ደግሞ አረማዊና ካቶሊክ ናቸው። በ1689ኙ ሕግ ቢሄድ መሣሪያ የሚደርሰው ለዓርብ ብቻ ነበር። እሱ ግን ሦስቱንም አስታጥቋል። ቸር ስለሆነ አይምሰላችሁ፣ ጠላት ወደ ባሕር ዳርቻው ሲመጣ ወይም ለጉዞ የሚልከው ሰው ሲያስፈልገው ነው።

ይሄ ነገር አሜሪካ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛው ማሻሻያ «በሚገባ የተደራጀ ሚሊሻ ለነፃ መንግሥት ደኅንነት አስፈላጊ በመሆኑ» ብሎ ይጀምርና የሕዝቡ መሣሪያ የመያዝ መብት አይነካም ይላል። በየመሃሉ ስላለችው ነጠላ ሰረዝ የሚጨቃጨቁ ሰዎች አሉ፣ እኔ ግን የምታሳስበኝ «ሕዝቡ» የምትለዋ ናት። በ1857 ነፃነቱን በፍርድ ቤት በጠየቀው ባሪያ በድሬድ ስኮት ጉዳይ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ሮጀር ቴኒ ጥቁሮች ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ሲፈርድ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ዜጋ ቢሆኑ በሄዱበት ሁሉ መሣሪያ ሊይዙ ነው የሚል ነበር። እንደማይታሰብ ነገር ነው ያነሳው። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣና ወደ 180,000 የሚጠጉ ጥቁሮች በሰሜኑ ጦር ታጠቁ። ጦርነቱ በ1865 አለቀ። በዚያው ዓመት ሚሲሲፒ፣ ከባርነት የወጣ ሰው ወታደር ካልሆነ ያለ ፈቃድ ጠመንጃም ጥይትም እንዳይዝ ከለከለች። መሸ፣ መሣሪያው ወደ ጌታው በኩል ገባ ማለት ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች በ2008 በሄለር ጉዳይ 5 ለ 4 ተከፍለው መብቱ የግለሰብ ነው ሲሉ የ1689ኙን የእንግሊዝ ሕግ እንደ ቀዳሚ ጠቅሰዋል። አያትየው ሕግ ለካቶሊክ መብቱን አልሰጠም ነበር፣ እሱን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም።

ትጥቅ የሚከለክል ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ ነው? አይደለም። በ1883 በመጽሐፍ የወጣውን «የሀብት ደሴት»ን ተመልከቱ። መርከቧ ገና ሳትነሳ ካፒቴን ስሞሌት አንድ ቅሬታ ያቀርባል፦ ባሩዱና መሣሪያው መርከበኞቹ በሚያድሩበት በፊት በኩል እየተጫነ ነው፣ ለምን ከእኛ ክፍል ሥር አይሆንም? የመርከቡ ባለቤት በንዴት ይጦፋል፣ ባሩዱ ግን ይዛወራል። ካፒቴኑም ልክ ነበር! መርከበኞቹ አብዛኞቹ የባሕር ወንበዴዎች ሆነው ተገኙ። ነገሩን የሚያከብደው ይሄ ነው። ባሩዱን የሚያዛውር ሁሉ ራሱን ካፒቴን ስሞሌት አድርጎ ነው የሚያየው፣ ሁሉም ግን ስሞሌት አይደለም።

ወደ ጃፓን ልሻገር፣ እዚያ ተረቱም ታሪኩም ደሴት ላይ ነውና። ጠመንጃ ጃፓን የገባው በ1543 በአንዲት ደሴት በኩል ነው፣ ታኔጋሺማ። ይዘውት የመጡት ፖርቱጋሎች ናቸው። ጃፓኖች ወዲያው መሥራት ቻሉበት፣ መሣሪያውንም በደሴቷ ስም ጠሩት። በ1588 ገዢው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ገበሬዎች ጎራዴ፣ ቀስት፣ ጦርና ጠመንጃ እንዳይዙ አዋጅ አወጣ። ብረቱ ለታላቁ የቡድሃ ሐውልት ምስማርና ማያያዣ ይሆናል፣ ገበሬውም በዚህም በሚመጣውም ዓለም ይጠቀማል ተባለ። ማስታወቂያ ሲሠራ እንዲህ ነው! ያው አዋጅ ግን ትክክለኛውን ምክንያትም አልደበቀም፦ የታጠቀ ገበሬ ግብር አይከፍልም፣ ያምፃል። ሂዴዮሺ ራሱ ከተራ ቤተሰብ ወጥቶ በጦር ያደገ ሰው ነው። እሱ የወጣበትን መሰላል ነው ከኋላው የሳበው።

አሁን ደግሞ ጃፓን ውስጥ የማያውቀው ልጅ የሌለውን ሞሞታሮን አስቡ። ከኮክ ፍሬ ውስጥ የተገኘ፣ ምስኪን ሽማግሌና አሮጊት ያሳደጉት ልጅ ነው። ውሻ፣ ዝንጀሮና ወፍ አስከትሎ የአጋንንት ደሴት ይሄዳል፣ አጋንንቱን ይመታል፣ ሀብታቸውን ተሸክሞ ይመለሳል። በየሥዕሉ ወገቡ ላይ ጎራዴ አለ። የድሃ ልጅ በጎራዴ! አዋጁ በሥራ ላይ ያለበት አገር ውስጥ እንዲህ የሚታጠቀው ተረት ውስጥ ብቻ ነው። እኔ ተረቱ እንዲህ የተወደደው በከፊል ለዚያ ይመስለኛል፣ ግምቴ ነው። ግን ያም ንጹሕ አይደለም። በ1943 የጃፓን ባሕር ኃይል ያሠራው የካርቱን ፊልም ውስጥ ሞሞታሮ የጦር አዛዥ ሆነ፣ የአጋንንቱ ደሴት ደግሞ ፐርል ሃርበር። ደሴቱ ላይ ማን ጋኔን እንደሆነ የሚወስነው ሁልጊዜ በጀልባ የሚመጣው ነው።

የመጨረሻዋ ደሴት እንኳ የለየላት አስማተኛ ናት፣ በ1904 ለንደን መድረክ ላይ የታየችው የፒተር ፓን ደሴት። ወንበዴዎቹ ሽጉጥ አላቸው። አንዱ ከልጆቹ አንዱን አይቶ ሽጉጡን ሲመዝ ካፒቴን ሁክ በመንጠቆው ትከሻውን ይይዘውና መልስ ይለዋል። ለልጁ አዝኖ አይደለም፣ ድምፁ ሌሎች ጠላቶቻቸውን እንዳይጠራባቸው ነው።

ልጆቹ ያላቸው ቀስት ነው። ቲንከር ቤል የምትባለው ተንኮለኛ የአስማት ፍጡር፣ ወደ ደሴቷ እየበረረች የምትመጣዋን ልጅ አሳይታ «ፒተር ዌንዲን ግደሉ ብሏል» ትላቸዋለች፣ ቱትልስ የሚባለው የዋህ ልጅ ትእዛዝ የፈጸመ መስሎት ይወረውራል። ዌንዲ ከሰማይ ትወድቃለች። ልጁ ምን እንዳደረገ ሲገባው ደረቱን ገልጦ ፒተርን ውጋኝ ይለዋል። እዚህ ጋ ሳነብ ሁሌም ጉሮሮዬ ይደርቃል። ከዚያ አስማቱ ይመጣል፦ ፍላጻው ያረፈው ዌንዲ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለቻት የባሉጥ ፍሬ ላይ ነበር። አልሞተችም።

በ1996 ስኮትላንድ ውስጥ በደንብሌን ትምህርት ቤት 16 ልጆችና መምህራቸው ሲገደሉ የባሉጥ ፍሬ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ብሪታንያ የግል ሽጉጥን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከለከለች። የ1689ኙ ሕግ በተጻፈበት ደሴት ላይ ማለት ነው። እኔ ይህን ክልከላ እደግፋለሁ፣ አንዱ ምክንያቴ እንደ ቀድሞዎቹ ሃይማኖትና የመሬት ገቢ አለመጠየቁ ነው። የማይደግፍ ይኖራል፣ እንከራከር።

ግን በደሴቷ ምሳሌ አይሁን። ምሳሌዋን የሚያመጣ ሰው ሁሉ ራሱን ክሩሶ አድርጎ ነው የሚጀምረው፣ ሁለት ደረቅ በርሜል ባሩድ ይዞ። «እስቲ ዓርብ ነኝ እንበል» ብሎ የጀመረልኝ እስካሁን አልገጠመኝም። አንድ ቀን ቢገጥመኝ የምጠይቀው አለኝ፦ ሲመሽ መሰላሉን የሚስበው ማን ነው?