ብዙ መጠቀስ የግኝት ማረጋገጫ አይደለም

የተከበሩ ወንድሜ፣ ስለ ደሴ የጤና ተመራማሪዎች በጻፉት ላይ «ጽሑፉ ብዙ ጊዜ የተጠቀሰለት ሰው ግኝቱ የተረጋገጠ ነው» ብለዋል። አባባሉ የተለመደ ቢሆንም ስሕተት ስለሆነ እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ። የመጠቀስ ቁጥሩ የሚናገረው ጽሑፉ በሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፎች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተነሣ እንጂ ለምን እንደተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በላንሴት የሕክምና መጽሔት የወጣውና ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የዌክፊልድ ጽሑፍ በ2010 በመጽሔቱ ተሽሯል፤ ያም ሆኖ እጅግ ብዙ ጊዜ የተጠቀሰ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ጠቃሾች የሚያነሡት ስሕተቱን ለማሳየት ነው። ከ300,000 ጊዜ በላይ የተጠቀሰው የሎውሪ የ1951 ጽሑፍ ደግሞ የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ እንጂ የበሽታ ግኝት አይደለም።

የፊዚክስ ሊቁ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ኤች ኢንዴክስም (አንድ ተመራማሪ ቢያንስ የቁጥራቸውን ያህል ጊዜ የተጠቀሱ ስንት ጽሑፎች እንዳሉት የሚያሳይ መለኪያ) ቢሆን፣ እያንዳንዳቸው 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ብቻ ያሉትን ሰው 10 ይለዋል፤ ከአሥሩ አንዱ 1,000 ጊዜ ቢጠቀስ እንኳ ያው 10 ነው። ትናንት ማታ የአንድ ባልደረባዬን ስም የምርምር ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ በሚያሳዩት በጉግል ስኮላርና በስኮፐስ ድረ ገጾች ጎን ለጎን ከፍቼ ስመለከት ቁጥሮቹ አልገጠሙም፤ ጉግል የመመረቂያ ጽሑፎችን ጭምር ስለሚቆጥር የእሱ ከፍ ይላል። በኮምቦልቻ ዙሪያ ወባን የሚያጠና ወጣት በጥቂቱ ቢጠቀስ፣ ጉዳዩን የሚጽፉበት ሰዎች ጥቂት መሆናቸውም አንድ ምክንያት ነውና፣ ሥራው እንደ ደካማ ባይቆጠርበት እወዳለሁ።