ሁለት ሊትር ለአሸዋ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ማኪያቶ ይዘን ቁጭ ብለን አንድ ወዳጄ ሸንቆጥ አደረገኝ። «ሰው ለቤንዚን ተሰልፎ እያደረ፣ እናንተ እሁድ እሁድ በሞተር አሸዋ ላይ ታቃጥሉታላችሁ። ቅብጠት እኮ ነው አቦ!» አለኝ። ስቄ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንጨርስ። የእኛ ሞተሮች 100 እና 125 ሲሲ ናቸው። ከድሬ በመልካ ጀብዱ ወጥተን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ዞረን ስንመለስ አንዱ ሞተር 2 ሊትር አይጨርስም። ወዳጄ ለዚያች ማኪያቶ ከሳቢያን በመኪና ነው የሚመጣው። ይህን አንስቼ አልጣላውም፤ እሱም ያስበው ብዬ ነው።

«ቅብጠት» ያለው ግን አልለቅ አለኝ። ከመሀላችን ለመዝናኛ ብሎ ሞተር የገዛ የለም። ነገሩ የተጀመረው በሁለት አሮጌ ያማሃ ኤጂ 100 ነው። ኤጂ የሚሉት ፊደሎች እርሻን ነው የሚያመለክቱት። ፋብሪካው ለገበሬ ብሎ የሠራው ሞተር ነው፦ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አለው፣ ሰንሰለቱ አፈር እንዳይገባበት ተሸፍኗል፣ መቆሚያው በግራም በቀኝም ነው። እኛ አገር የግብርና ባለሙያው፣ የወባ ሠራተኛው፣ የእርዳታ ድርጅቱ ሰው ሲጋልበው ኖሯል። ሲደክም ለጨረታ ይወጣል። ጨረታ ላይ ማን ይገዛዋል? ሜካኒክ።

የእኛ ሜካኒክ ጋራዡ ገንደ ቆሬ ነው። ልጆቹ «ማስተር» ይሉታል፤ ከዚያ ወዲያ አንቱታ የለም፣ ድሬ ነው። ማስተር ሞተሩን ፈትቶ ከገጠመ በኋላ መሞከር ነበረበት። ከተማ ውስጥ ደግሞ በባጃጅ መሀል ምን ሙከራ አለ? ስለዚህ እሁድ ጠዋት ወደ አሸዋው ይወጣ ጀመር። አንድ የባጃጅ ሹፌር ተከተለው። ከዚያ አንድ አስተማሪ። ከዚያ ክትባት ይዛ ቀበሌ ለቀበሌ የምትዞር ነርስ። እኔ አምስተኛው ነኝ፤ በጡረታ ከወጣ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ጋር።

እንግሊዞች በ1924 እ.ኤ.አ. ካምበርሊ አካባቢ «ስክራምብል» ብለው ይህን ነገር ሲጀምሩት ጥያቄው ማን ቀድሞ ይገባል የሚል ነበር። ዛሬ ሞቶክሮስ የምንለው የአፈር ላይ የሞተር ውድድር ከዚያ ነው የመጣው። የእኛ ጥያቄ ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን «ማን ይገፋል?» ነው። አሸዋ ሞተር ይውጣል። ሲውጥ ደግሞ ብቻህን አታወጣውም።

የመጀመሪያ ቀኔን ልንገራችሁ። አሸዋው ሲመጣ ደነገጥኩና ጋዝ ለቅቄ የፊት ፍሬን ያዝኩ። መሪው ተጠመዘዘ፣ እኔ በላዩ አለፍኩ። ፍየል የምትጠብቅ ትንሽ ልጅ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ ሞተሩን አየችና እየሳቀች ሄደች። ነርሷ መጥታ ከጎማው ነፋስ ቀነሰችልኝ። ጎማው ሲለሰልስ አሸዋው ላይ ሰፋ ብሎ ይቀመጣል፣ አይሰምጥም። «ተነስተህ ቁም፣ ወደ ኋላ ዘንበል በል፣ ጋዙን አትልቀቅ፣ ሩቅ ሩቁን እይ» አለችኝ። ከሁላችንም የምትበልጠው እሷ ናት። በሳምንት አምስት ቀን የምትሠራበት መንገድ ነዋ።

ከነዳን በኋላ ጋራዡ ጋ እንሰበሰባለን። የድሬ አቧራ ዲፕራተር (የአየር ማጣሪያ) አይምርም፤ ስፖንጁን በቤንዚን አጥበን ዘይት እንቀባዋለን። የተበሳ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) የሚለጥፈው ይለጥፋል፣ ካንዴላ የሚያጸዳው ያጸዳል። በአማርኛ የተጀመረ ቀልድ በኦሮምኛ አጋምሶ በሶማልኛ ያልቃል። ፈጢራ ይመጣል። ፀሐዩ ሳይከርር ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል።

ጥፋትም አለብን። አንዴ መንገድ ስተን የሰው ማሽላ ዳር ለዳር አቋረጥን። ሽማግሌዎች አስቆሙን። ካሣ ከፍለን፣ ይቅርታ ጠይቀን ተለቀቅን። ከዚያ ወዲህ እርሻ ካየን ወርደን እንገፋለን፣ መንደር ካየን ጋዝ እንቀንሳለን።

አሁን ከመሀላችን ማኅበሩ በደንብ ይመዝገብ፣ ማሊያ ይኑረን፣ በበዓል ቀን ከተማውን በሚያቋርጠው በደረቁ የደቻቱ ወንዝ ውስጥ ውድድር እናሳይ የሚሉ ልጆች መጥተዋል። መመዝገቡን እደግፋለሁ። ማሊያውም ይሁን። ደቻቱን ግን አልፈርምም። በጋ ላይ ሲያዩት ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው፤ ያጓጓል። በ1998 ክረምት ግን ያ ሜዳ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው በላ። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል፣ ወደ ደንገጎ ከፍታ የዘነበው ብቻ ጎርፍ ያመጣል። ተመልካች ሞልቶ፣ ሞተር እየጮኸ፣ የጎርፉን ድምፅ ማን ይሰማል?

ለውድድር የሚወጣ ጉልበት ካለ ለሌላ ነገር ይዋል። በየዓመቱ ከኮሌጅ የወጣ ልጅ የገጠር ሥራ ይመደባል፤ አስፈርመው የሞተር ቁልፍ ይሰጡታል። ብዙዎቹ አሸዋና ጠጠር ላይ መንዳት የሚማሩት ወድቀው ነው፣ እንደ እኔ። እኔን ነርሷ አነሳችኝ፤ እሱ ግን ብቻውን ነው የሚወድቀው፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ። ቢሮዎች ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት ሁለት እሁድ ወደ እኛ ይላኩት። ክፍያ አንጠይቅም። የቤንዚኑን ሁለት ሊትር ይቻሉ።

ወዳጄም ይምጣ። የፊታችን እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጋራዡ በር ላይ ነን። ትርፍ ሄልሜት አለን። ጫማ ግን የራሱን ያምጣ፤ በሽርጥና በነጠላ ጫማ ማስተር አያስወጣም።