በሰው ወርቅ ያጌጠው ገዢ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት አበው ሰር ሴሲል ክሌሜንቲን ሳያዩ ነው። ቢያዩት ተረቱን ይሰርዙት ነበር።

ክሌሜንቲ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው የሆንግ ኮንግ እንግሊዛዊ ገዢ ነበር። በ1925 መጨረሻ ሲመጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ከተማዋ በአድማ ተይዛ ነበር። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደሮች በአቅራቢያዋ ባለችው የቻይና ከተማ ጓንግዡ ውስጥ ሰልፈኛ ላይ ተኩሰው ከ50 በላይ ሰው ገድለዋል። ቻይናዊው ሠራተኛም ሥራውን ጥሎ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ከሆንግ ኮንግ ወጣ። ሩብ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ! አድማው ከዓመት በላይ ቆየ።

ሞኝ መንግሥት ቢሆን «ለምን ተኮስን?» ብሎ ይጨነቅ ነበር። ብልሁ ግን በሽታውን ቶሎ አገኘው። ለካ ወጣቱ የጥንቱን የቻይና ፈላስፋ ኮንፊሺየስን በደንብ አላነበበም! ያነበበ ልጅ ታላቁን ያከብራል እንጂ አድማ አይመታም። ስለዚህ ከ1912 ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረው የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ በ1927 የቻይንኛ ትምህርት ክፍል ተከፈተለት። አስተማሪውም አንጀት ያርሳል፤ ላይ ጂሺ፣ የፈረሰው የቺንግ፣ ማለትም የማንቹ ነገሥታት፣ ቤተ መንግሥት ሊቅ። ቤይጂንግ ያለው ወጣት በሚነገረው ቋንቋ እንጻፍ እያለ በሚጮኽበት ዘመን፣ ሆንግ ኮንግ አሮጌውን ቻይንኛ በክብር አስቀመጠችው።

ገንዘቡስ? እጅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ሆርኔልና ላይ ጂሺ መርከብ ተሳፍረው ማላያ (የዛሬዋ ማሌዥያ አካባቢ) ድረስ ሄዱ፤ እዚያ ያሉ ቻይናውያንን መዋጮ ጠየቁ። ሕንፃውን ታንግ ቺ ንጎንግ የተባለ ነጋዴ አሠራ። ቤተ መጻሕፍቱ በ1932 ሲከፈት የሌላ ነጋዴ፣ የፈንግ ፒንግ ሻን ስም ነበረው። በመንግሥት በኩል ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ የንግግር ችግር አልነበረም።

ንግግሩማ! በጁን 1927 ክሌሜንቲ የከተማውን ቻይናውያን ሊቃውንት ቤተ መንግሥቱ ለሻይ ጠራ። ከዚያ በጥርት ያለ ካንቶንኛ፣ በአካባቢው ቻይንኛ፣ ስለ ጥንታዊው ትምህርታቸው ክብር አወራላቸው። ቻይናዊው ደራሲ ሉ ሹን ጋዜጣ ላይ አንብቦ ተሳለቀበት። ገዢው በስሜት የጠቀሳቸው ስንኞች ከ20 ዓመት ግድም በፊት በተማሪዎች መጽሔት ላይ የወጡ ናቸው። የተማሪዎቹ ዓላማ ምን መሰላችሁ? ባዕድ ያሏቸውን የማንቹ ገዢዎች ከቻይና ማስወጣት። እንግሊዛዊው ገዢ እሱን ግጥም ለሻይ እንግዶቹ! ይህን ያህል ደግነት ከየት ይገኛል?

በ1935 ሁ ሺ የተባለው ቻይናዊ ምሁር የክብር ዶክትሬት ሊቀበል መጣና ትምህርቱ ዘመን አልፎበታል ብሎ ነገር አበላሸ። ዩኒቨርሲቲው ምክሩን ሰምቶ ደራሲና ምሁር ሹ ዲሻንን ቀጠረ። ምስጋና ቢስ እንግዳ መቼም አይጠፋም።

ቻይንኛን እንዲህ የወደደው መንግሥት ሆንግ ኮንግን በውል የተረከበው በ1842 ነው። ከነዋሪው ከ10 ዘጠኙ በላይ ቻይናዊ ነው። ቻይንኛ ከእንግሊዝኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ የሆነው ግን በ1974 ነው። እሱም ተማሪው ፊርማ እያሰባሰበ ሲወተውት ከከረመ በኋላ። ነጋዴ የማይከፍልለት ጉዳይ እንግዲህ መዘግየቱ አይቀርም።