ብረት አሻራ አይይዝም ያለው ማነው?

ባለፈው እሑድ ቱሉ ዲምቱ፣ እኛ ሰፈር፣ ስለ ስርቆት ስብሰባ ተጠርተን ነበር። ሱቃቸው የተሰበረባቸው አንዲት እናት የተቆረጠውን ጓጉንቸር ቁልፍ ይዘው መጡ። ከመሬት ያነሱት በነጠላቸው ጫፍ ነው፤ እጃቸው እንዳይነካው። «ልጄ፣ አሻራ አንሱልኝ» አሉ። መርማሪው በባዶ እጁ ተቀብሎ አገላበጠውና «እማማ፣ ብረት አሻራ አይይዝም። ቢይዝም ሌባ ጠርጎት ነው የሚሄደው» ብሎ መለሰላቸው።

እስካሁን አልበረደልኝም።

ብረት አሻራ ይይዛል! «ጠርጎታል» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ላባችን ጨው አለው። ጨው ብረት ይበላል። ሎሚና ጨው የነካው ቢላዋ ሳይታጠብ ሲያድር ምን እንደሚሆን እናቶቻችን ያውቃሉ። ጣት ያረፈበት ናስም እንደዚያው ነው፤ መስመሩ ብረቱ ላይ ተበልቶ ሊቀር ይችላል። ላቡን ጠረግከው እንበል። የተበላውን በምን ትጠርገዋለህ? እንግሊዝ ውስጥ ከኖርዝሃምፕተንሻየር ፖሊስ ጋር ይሠራ የነበረው ጆን ቦንድ በ2008 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አሳይቷል። ናሱ ላይ 2,500 ቮልት ለቀቀበት፣ ደቃቅ ጥቁር ዱቄት አፈሰሰበት። ዱቄቱ የተበላውን መስመር ተከትሎ ተጣበቀ። የተተኮሰ የጥይት ቀለሃ ላይ እንኳ፣ ከተወለወለ በኋላ! ብዙ ጓጉንቸር ቁልፍ የሚሠራው ደግሞ ከዚሁ ከናስ ነው።

እሺ፣ ይሄ መሣሪያ የለንም እንበል። ሱፐር ግሉስ? ቁልፉን የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለህ። ሱፐር ግሉውን ታሞቃለህ፣ ለእርጥበት ትንሽ ውሃ ታኖራለህ። ትነቱ አሻራው ላይ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ዓለም ይህን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያውቀዋል። ማጣበቂያው እኮ ከስብሰባው አዳራሽ ማዶ ያለው ሱቅ ውስጥ ይሸጣል! ዝናብ መታው ለሚለኝም፣ እርጥብ ዕቃ ላይ የሚረጭ የራሱ ፈሳሽ አለው።

ሌባው ጓንት አድርጎ ከሆነ አሻራው ላይገኝ ይችላል፤ ይህን አልክድም። ግን ሳይፈልጉ «የለም» ማለት ምርመራ አይደለም፤ ሰውን ተስፋ አስቆርጦ መሸኘት ነው። ሌባም ይህን መልስ ሰምቶ ነው ተመልሶ የሚመጣው።

እኚያ እናት ቁልፉን አልጣሉትም። በወረቀት ጠቅልለው ቁም ሳጥናቸው ላይ አስቀምጠውታል። ነገ መጥታችሁ ውሰዱት፤ በጓንት።