ፖርት 25 አንጀቴን አሳረረው

ኧረ ሰዎች ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። ለመስሪያ ቤቱ የምተክለው የሜይል ሰርቨር፣ ኢሜይላችንን የሚልክና የሚቀበለው ማሽን፣ ይኸው ሶስተኛ ቀኑ። ኢሜይል የሚልከው ፖስትፊክስ ተጭኗል፣ የገባውን ከሳጥኑ የሚያስነብበው ዶቭኮት ተጭኗል፣ የምስጠራ ሰርተፍኬቱ አለ፣ እርስ በርስ ስንላላክ ፉት ይላል፣ ወደ ውጭ ሲሆን ግን ወረፋው ላይ ተኝቶ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት»፣ ማለትም ብጠብቅ መልስ የለም።

ትናንት ሌሊቱን የበላችው ደግሞ፣ አትሳቁ፣ አንዲት ስፔስ ናት። ሜይን ዶት ሲኤፍ (የፖስትፊክስ ማስተካከያ ፋይል) ላይ መስመሩ በስፔስ ከጀመረ ፖስትፊክስ የላይኛው ቀጣይ ነው ብሎ ይውጠዋል። ኮፒ ሳደርግ አብራ ገብታ የሰርቨሩን ስም የሚይዘውን የማይሆስትኔም መስመር ከላዩ ጋር አጣበቀችልኝ። አሳብዳኝ ነጋ።

ዛሬ ማሽኑን ያከራዩንን ሰዎች ቻት ላይ ያዝኳቸው። ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚያልፍበትን በር፣ ፖርት 25ን፣ ወደ ውጭ ዘግታችኋል ወይ አልኩ፣ በቃ ይችን ብቻ።

«ውድ ደንበኛችን፣ ሪስታርት አድርገው ሞክረዋል?»

አዎ።

«ኢንተርኔትዎ ይሰራል?»

ወንድሜ በምን እያወራሁህ ነው ታዲያ?! (አልጻፍኩትም፣ «አዎ ይሰራል» ነው ያልኩት፣ ፈሪ ነኝ።) 40 ደቂቃ አስጠብቆኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ፖርት 25 ስፓም ለመከላከል ለሁሉም ደንበኛ ዝግ ነው። ለመሆኑ ሜይል ሰርቨር ምን ያደርግልዎታል? ነፃ ኢሜይል አለ እኮ 😊»

አለ እኮ!! ከነፈገግታው!

መዝጋታቸውስ ይሁን፣ ስፓም እንደሚላክ አውቃለሁ፣ ግን ስንከራይ አንድ መስመር ቢጽፉ ጣታቸው ይቆረጣል? ለምነን ተከፈተ። ከዛ ሪቨርስ ዲኤንኤስ (ከአይፒ ቁጥሩ ወደ ሰርቨሩ ስም የሚመልሰው)፣ አይፒው የነሱ ስለሆነ እኔ መንካት አልችልም፣ እንደገና ቻት፣ እንደገና ውድ ደንበኛችን። ከዛ ኢሜይሉ እውነት ከእኛ መሆኑን ተቀባዩ የሚያጣራባቸው ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ። የዲኪሙ ቁልፍ 2048 ቢት ነው፣ የሚቀመጥበት ቲኤክስቲ ሬኮርድ (የዶሜን ስማችን ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ) ላይ አንዱ ስትሪንግ (የጽሑፍ ቁራጭ) ከ255 ፊደል በላይ አይይዝም፣ ቆራርጠህ ነው የምታስገባው፣ የዶሜኑ ማስተካከያ ፓነል ግን ጭራውን ቆርጦ ጥሎ «ተቀምጧል ✅» ይለኛል። ኤስኤምቲፒ (የኢሜይል መላኪያው ደንብ) እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ላኪውን «ማነህ» የሚል ነገር አልነበረውም፣ የዛን ዕዳ እኔ ልክፈል?

ደግሞ የኔ ስራ እኮ ይሄ አልነበረም። ፕሪንተር ሲነክስ እኔ፣ ዋይፋይ ሲጠፋ እኔ፣ የአለቃዬ ልጅ ስልክ ፓስወርድ ሲረሳ እኔ። «አንተ ታውቃለህ አይደል» ብለው ጀመሩኝ፣ አላውቅም ማለት ነበረብኝ።

አሁን ቅድም ሎጉ (የሰርቨሩ መዝገብ) ላይ «ስታተስ ሴንት»፣ ተልኳል፣ የሚለውን ሳይ ጮህኩ። አለቃዬ ጋ ደወልኩ፣ ደረስዎት ስል «ኧረ ምንም የለም»። እስኪ ስፓሙን ይዩልኝ።

ዝም። ክሊክ ክሊክ ይሰማኛል።

«አዎ አለ። ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል ይላል፣ ልክፈተው?»