ድሪፍት ላይ ከባዱ ማስጀመሩ ሳይሆን ማቆየቱ ነው
ጽሁፉ ላይ በፊት ጎማ የምትነዳ መኪና ጭራሽ ድሪፍት (ኋላዋ ተንሸራቶ በጎኗ መሄድ) አታደርግም የተባለው ልክ አይደለም። እኔ እዚህ ሐዋሳ የፊት ጎማ ቪትዝ ነው የምነዳው፣ ዝናብ ሲጥል ኩርባ ላይ ነዳጁን ድንገት ከለቀቅከው ክብደቱ ወደፊት ይመጣና ኋላዋ ቀሎ ይከዳሃል፣ የእጅ ፍሬን ከሳብክማ የኋላ ጎማው ይቆለፍና ትዞራለች። ከባዱ ማቆየቱ ነው፣ ሞተሩ ከፊት ስለሚጎትት ነዳጅ በሰጠህ ቁጥር መልሶ ያቀናታል፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራችው ቶዮታ ኮሮላ ኤኢ86 ግን በኋላ ጎማ የምትነዳ ስለሆነች በነዳጅ ብቻ በጎኗ ትሄድልሃለች። ስዊድናዊው የራሊ ሹፌር ኤሪክ ካርልሰን እኮ በፈረንጆቹ 1962 እና 1963 ሞንቴ ካርሎ ራሊን ያሸነፈው በፊት ጎማ በምትነዳው ሳብ 96 መኪና ነው፣ በግራ እግሩ ፍሬን እየነካ! ብቻ ወንድሞቼ በናታችሁ ሐይቁ ዳር እንዳትሞክሩት፣ ባጃጁም ህጻናቱም እዛው ናቸው