ሳያነቡ ለሚፈርሙ ጨዋዎች የቀረበ ውዳሴ

ሰው የገዛ ወንድሙን ደረሰኝ በሚጠይቅበት በዚህ ተጠራጣሪ ዘመን ንጹሕ እምነት ፈልጎ ላጣ ሰው አንድ ቦታ ላመላክት፦ የፍራንቻይዝ ውል የሚፈረምበት ጠረጴዛ። እዚያ የሚቀመጠው ገዢ የዕድሜውን ጥሪት ይዞ ይመጣል፤ ካልበቃውም ቤቱን አሲዞ ይበደራል። በሰው የንግድ ስም፣ በሰው አሠራርና በሰው ዓርማ ለመነገድ የሚያስችለውን መብት ይገዛል። በመቶ የሚቆጠር ገጽ ያለው ሰነድ ሲሰጡት በአክብሮት ይቀበላል፣ ክብደቱን መዘን መዘን ያደርጋል፣ «እንዴት ያለ የተደራጀ ድርጅት ነው!» ይላል፤ ከዚያም ብዕር ይጠይቃል።

ይህን ሰው እስከ ዛሬ የወቀሰው እንጂ ያመሰገነው የለም። ጠበቆች ከንፈር ይመጡለታል፤ የሒሳብ ባለሙያዎች ራሳቸውን ይነቀንቁበታል። እኔ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሣዋለሁ።

የጨዋነቱ ጥልቀት የሚገባው ሰነዱ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ብቻ ነው። ነጋዴ ዕቃውን ያሞግሳል፤ «ይህን ብትገዛ ልትከስር ትችላለህ» ብሎ በጽሑፍ የሚሰጥ ሻጭ በፈቃዱ አይገኝም። ስለዚህ ሕግ አስገደደው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1971 መንገዱን ጀመረች፤ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ደግሞ በ1979 ሥራ ላይ ዋለ፣ በ2007 ተሻሻለ። ዛሬ እዚያ አገር ፍራንቻይዝ የሚሸጥ ሁሉ በ23 ክፍሎች ስለ ራሱ መናዘዝ አለበት፦ ባለፉት 10 ዓመታት ምን ክስ እንደገጠመው፣ ኪሳራ ታውጆበት እንደሆነ፣ ከገዢው ምን ምን እንደሚሰበስብ፣ ስንት መደብሮች እንደተዘጉበት፣ ኦዲተር የመረመረው የሒሳብ መግለጫው ምን እንደሚመስል።

እንግዲህ ይህ ሰነድ ሻጩ ራሱን የሚያማበት ሰነድ ነው። ጀግናችን ደግሞ ሐሜት አይወድም። ፈገግ ብሎ ከፊቱ የተቀመጠ ሰው ሲታማ፣ ያውም በገዛ አንደበቱ ሲታማ፣ ገጽ እየገለጡ መስማት ከአንድ ጨዋ ሰው አይጠበቅም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያልፈዋል። ሰነዱ ገና ከመነሻው በውስጡ ያለውን መረጃ ያረጋገጠ የመንግሥት አካል እንደሌለ ይናገራል፤ ውሉን ለጠበቃ ወይም ለሒሳብ ባለሙያ አሳዩ ብሎም ይመክራል። ጀግናችን ግን ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ የሚያስረዳው ሌላ ነው፦ «መንግሥት ያወቀው ነገር ነው፤ ይኸው ሰነዱ!»

ሕግ አውጪዎች የዚህን ሰው ብቃት ስላልተረዱ ብዙ ትርፍ ቀን አሸክመውታል። በአሜሪካ ከመፈረሙ ወይም ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሰነዱ በእጁ 14 ቀን እንዲቆይ ተደነገገ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 ባወጡት ሕግ 20 ቀን ሰጡ። የካናዳዋ ኦንታሪዮ በ2000 ባወጣችው ሕግ ሰነዱ ጨርሶ ያልተሰጠው ገዢ በሁለት ዓመት ውስጥ ውሉን ማፍረስ እንዲችል አደረገች። አውስትራሊያማ ከፈረመም በኋላ ሐሳቡን የሚቀይርበት 14 ቀን ጨመረችለት። ይህ ሁሉ ቀን ምን ይሠራበታል? ጀግናችን 14ቱን ቀን በሚገባ ተጠቅሞበታል፦ ከሥራው ለቋል፣ ከዓርማው ፊት ፎቶግራፍ ተነሥቷል፣ ለምረቃው የሚጠሩትን እንግዶች መዝግቧል። ሰነዱም እንዳይቆሽሽ ላስቲኩ አልተቀደደም።

በዚህ መሐል የሽያጭ ሠራተኛው ይደውላል። «ያንን አካባቢ ሌላ ሰው ጠይቆናል» ይላል። ይህ ሌላ ሰው በየፍራንቻይዝ ሽያጩ ውስጥ አይጠፋም። ስሙ አይጠራም፣ መልኩ አይታይም፤ ሁልጊዜ ግን ነገ ጠዋት ሊፈርም ነው። ጀግናችን ለዚህ ሰው ያለው አክብሮት እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ እንዳያስጠብቀው ብሎ ዛሬውኑ ይፈርማል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ክፍል 20ን የሚይዝበት መንገድ ነው። በዚህ ክፍል ሻጩ የ3 ዓመት ሰንጠረዥ ያቀርባል፦ ስንት መደብር ተከፈተ፣ ስንቱ ለሌላ ሰው ተላለፈ፣ የስንቱ ውል ተቋረጠ፣ ስንቱ ሳይታደስ ቀረ፣ ስንቱ በቃኝ ብሎ ዘጋ። ይህ ሳያንስ፣ አሁን በሥራ ላይ ያሉትን ገዢዎች ብቻ ሳይሆን ባለፈው የሒሳብ ዓመት የወጡትንም ስምና ስልክ ቁጥር ይዘረዝራል። አስቡት፤ ሻጩ የተጣሉትን ሰዎች ስልክ ቁጥር ጽፎ «ደውልላቸው» ብሎ ይሰጣል! ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን አንሥቶ «ለምን ወጣህ? ካወጣኸው ስንቱን አገኘህ? የተባለው ሥልጠና እውነት ነበር? ዳግም ብትጀምር ትገባበታለህ?» እያለ ሲጠይቅ ይውላል። ጀግናችን ግን የከሰረን ሰው ቁስል መነካካት አይወድም። እንዲያውም ሻጩ መርጦ ያገናኘውን አንድ ደስተኛ ባለ መደብር አነጋግሯል፤ ሰውየው በጣም ደስተኛ ነው። ከወጡት መካከል አንዳንዶቹ ላለመናገር የፈረሙ ሊሆኑ እንደሚችሉም ክፍሉ ይጠቅሳል። ዝም ያለን ሰው ማስጨነቅ ደግሞ ምን ይባላል?

ወደ ገቢው እንለፍ። ክፍል 19 ሻጩ ስለ ገቢ መናገር ከፈለገ ማስረጃውን ይዞ የሚናገርበት ነው፤ መናገር ግን ግዴታው አይደለም። የማይናገር ከሆነ አልናገርም ብሎ ይጽፋል፤ ከዚህ ውጭ የገቢ ግምት የሚነግርህ ሠራተኛ ካለም ለድርጅቱ አመራርና ለኮሚሽኑ አመልክት ይላል። ማለትም ሰነዱ ገዢውን በሻጩ ሠራተኛ ላይ ጠቋሚ ሊያደርገው ይሞክራል! ጀግናችን ይህን ክህደት አይፈጽምም። የሽያጭ ሠራተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በወረቀት ላይ ማስፈር አይፈቀድልንም እንጂ በ1 ዓመት ውስጥ ያወጣኸውን ትመልሳለህ» ሲለው እንደ ወንድም ምሥጢር ይቀበለዋል፤ የባንክ ብድር ማመልከቻውንም በዚያ ምሥጢር ላይ ያቆማል።

ክፍያዎቹን በተመለከተ ጀግናችን መንፈሳዊ ሰው ነው፤ ቁጥር አያስጨንቀውም። ሮያሊቲ፣ ማለትም ገዢው በስሙና በአሠራሩ ስለሚጠቀም ለሻጩ በየጊዜው የሚከፍለው ድርሻ፣ የሚሰላው አብዛኛውን ጊዜ ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ ነው። አንድ መደብር ሌላ ወጪውን ሁሉ ከፍሎ ከ100 እጅ ሽያጭ 10 እጅ ይተርፈዋል እንበል። ሮያሊቲው 6 በመቶ፣ የጋራ ማስታወቂያ መዋጮው 2 በመቶ ቢሆን ከ10ሩ 8ቱ ሄደ። ጀግናችን ይህን ስሌት ብታሳዩት «6 በመቶ ምን አላት?» ይላል። ትርፍ ሳይኖር ሽያጭ ካለ ሮያሊቲው እንደሚከፈል ብትነግሩት ደግሞ ከነገሩ ጾም እደሩ ብሎ ይሸሻችኋል። የመነሻ ወጪ ግምቱ በዝቅተኛና በከፍተኛ ተከፍሎ ሲቀርብለት ትሑት በመሆኑ ዝቅተኛውን ይወስዳል። በዚያው ሰንጠረዥ ላይ የተቀመጠው ተጨማሪ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ብቻ እንደሚሸፍን፣ አራተኛው ወርም እንደማይቀር አያስታውስም። ዕቃውን ሻጩ ካጸደቀው አቅራቢ ብቻ መግዛት አለበት፤ ሻጩ ከዚያ አቅራቢ ገቢ ሊያገኝ ይችላል፤ ይህም በክፍል 8 ተጽፏል። ይጻፍ።

የገበያ ክልል ነገር አጭር ነው። «ብቸኛ ክልል አይሰጥህም፤ ከሌሎች ገዢዎችና ከእኛው መደብሮች ጋር ልትወዳደር ትችላለህ» የሚል ዓረፍተ ነገር በክፍል 12 ካለ፣ ጀግናችን በዚያ ሰፈር ብቸኛው እርሱ እንደሚሆን በቃል ተነግሮታል።

በቃል የተነገረውስ ዋጋው ስንት ነው? ሰነዱን ተከትሎ የሚመጣው ውል፣ ከመጨረሻዎቹ አንቀጾቹ በአንዱ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ስምምነት ይህ ጽሑፍ ብቻ እንደሆነና ከዚህ በፊት የተባለ ሁሉ እንደማይቆጠር ይናገራል። አባቶች «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያሉት ሁለቱ አንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደሚገናኙ አውቀው ይመስላል። ወረቀቱ ፊርማውን ይይዛል፤ ጀግናችን የተነገረውን ይይዛል፤ ማናቸውም አይለቁም።

ውሉ ራሱ ብዙ የሚያስመሰግን ነገር አለው። ገዢው የሻጩን የአሠራር መመሪያ እንዲከተል ያስገድደዋል፤ መመሪያውን ደግሞ ሻጩ በየጊዜው ሊያሻሽለው ይችላል። ስለዚህ ጀግናችን የሚፈርመው ያላነበበውን ብቻ ሳይሆን ገና ያልተጻፈውንም ነው። ማንም አንባቢ እዚህ ደረጃ አይደርስም። ንብረቱን ለመጠበቅ ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ ያቋቁማል፤ ወዲያው በሚቀጥለው ገጽ በግሉ ዋስ ሆኖ ይፈርምና ኃላፊነቱን ያልተወሰነ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ ሚስቱም እንድትፈርም ትጠየቃለች፤ ትዳር መደጋገፍ ነው።

መውጫውን ደግሞ የሚያስብ ሰው ገና ሳይገባ ክፉ የሚመኝ ነው። መደብሩን ልሽጥ ቢል የሻጩን ፈቃድና የማስተላለፊያ ክፍያ ይጠየቃል። የውሉ ዘመን ሳያልቅ አቋርጦ ቢወጣ ለቀሪዎቹ ዓመታት ሮያሊቲ ማካካሻ ሊከፍል ይችላል። ወጥቶም ባካበተው ሙያ በዚያው አካባቢ ተመሳሳይ ሥራ እንዳይሠራ ለተወሰነ ጊዜ የሚከለክለው አንቀጽ አለ። ክርክር ቢነሣ የሚታየው ሻጩ በሚገኝበት ከተማ፣ አንዳንዴም በግልግል ዳኝነት ነው። ይህን ሁሉ ጀግናችን የሚያነበው በሦስተኛው ዓመት፣ በሌሊት፣ ጣቱን በየመስመሩ ላይ እያሳለፈ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ሁለተኛ መደብር የሚከፍት አይጠፋም።

ጠበቃ ይዘህ ሂድ የሚሉት ሰዎች አሉ። ጀግናችን ለዚህ የማያዳግም መልስ አለው፦ «ውሉን እኮ ጠበቆች ናቸው የጻፉት፤ አንድ ውል ስንት ጠበቃ ይፈልጋል?» የማን ጠበቆች እንደሆኑ መጠየቅ የምቀኛ ነገር ነው። ለመግቢያ ክፍያው ሳያቅማማ ቼክ የሚጽፍ ሰው ለጠበቃ የሚከፈለውን ሲሰማ ቆጣቢነቱ ትዝ ይለዋል።

ለሐቀኛ ሻጮች ግን አዝናለሁ፤ አሉና። በደንብ የሚደግፉ፣ ገዢያቸው ሲያተርፍ የሚያተርፉ፣ ሰንጠረዣቸው የሚያኮራቸው ሻጮች አሉ። እነርሱ ያንን ሁሉ ገጽ በእውነት ሞልተው፣ ጥያቄ ይመጣል ብለው ሲጠብቁ፣ ጀግናችን የሚጠይቃቸው ስለ መደብሩ መብራት ቀለም ብቻ ነው። ከአታላዩ ጋርም ያደረገው ውይይት ይኸው ነበር። ለጀግናችን ሁሉም ሻጭ እኩል ነው።

አንድ ገጽ ግን ሳያይ አያልፍም፤ ይህን ሳልመሰክር ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። የመጨረሻው ክፍል 23 የሰነዱ መቀበያ ነው። ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከገዢው ዘንድ ይቀራል፣ ሌላው ተፈርሞ ለሻጩ ይመለሳል፤ 14ቱ ቀን መቆጠሩም የሚታወቀው እዚያ ላይ በሚሰፍረው ቀን ነው። ጀግናችን እዚህ ገጽ ላይ መነጽሩን ያወጣል። ስሙ በትክክል መጻፉን ፊደል በፊደል ያረጋግጣል፣ ፊርማውን አሳምሮ ያኖራል፤ ወደ ቀኑ ቦታ ሲደርስ የሽያጭ ሠራተኛው «እርሱን ተወው፣ እኛ እንሞላዋለን» ይለዋል። ጀግናችንም አመስግኖ ብዕሩን ይመልስለታል።